ሙዚቃ ሲያጽናና፣ ሲያስተምርና ሀገር ሲያስተባብር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክራርና በገና ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ጣት አቀማመጥ ከሚጠይቁኝ ይልቅ ስለ ሌላ ነገር የሚጠይቁኝ ይበዛሉ። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የመጡ ወላጆች «ለትምህርቱ ይረዳዋል?» ይላሉ። ታማሚ የሚያስታምሙ «ለእናቴ ምን ላሰማት?» ብለው ይደውላሉ። አንዳንዱ ደግሞ «ለመሆኑ ዘፈን ለሀገር ምን ፈይዷል?» ብሎ ይሞግተኛል። ሐኪም አይደለሁም። ከማስተማር፣ ከማስታመምና ከማንበብ ያገኘሁትን ግን ሳልሸሽግ እነሆ።

ሙዚቃ በእርግጥ በሽታ ያድናል?

ወባ አያድንም፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት አይተካም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መድኃኒቱን አቋርጦ መዝሙር ብቻ ሲሰማ የከረመ ሰው ስለማውቅ ነው። የሙዚቃ ጉልበት ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ሕመምን በማስታገስ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚመጣን ፍርሃት በማርገብ፣ የከበደን እግር ለእርምጃ በማነሣሣት፣ የተዘጋን አንደበት በማላቀቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ900 በላይ የጥናት ጽሑፎችን አገናዝቦ ባወጣው ዘገባ፣ ሙዚቃን ጨምሮ ኪነ ጥበብ ጤናን በመጠበቅም ሕመምተኛን በመርዳትም ረገድ ድርሻ እንዳለው አስፍሯል።

ለእኛ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ዳዊት በገናውን ሲደረድር ሳኦል ዕረፍት ያገኝ እንደነበር ከልጅነታችን የሰማነው ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ ያሬድ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ ከመመሰጡ የተነሣ የተደገፈውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው ይባላል። ደሙ ፈሰሰ፤ ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ግን ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ገድሉን የጻፉት ሰዎች ስለ ነርቭ የተማሩት ነገር አልነበረም። ሕመም ልብ በሰጡት መጠን እንደሚጠነክር፣ ልብ ወደ ሌላ ሲሄድ ደግሞ እንደሚላላ ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዛሬ በቀዶ ሕክምና ክፍል ለታማሚ ሙዚቃ የሚያሰሙ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትም ይህንኑ ነው።

አባቴ ስትሮክ ከመታቸው በኋላ መናገር ተስኗቸዋል። መዝሙር ሲጀመር ግን ቃሉን ሳያዛቡ ያዜማሉ። ይህ እንዴት ይሆናል?

በአብዛኛው ሰው ዘንድ ንግግርን የሚመራው የግራው የአንጎል ክፍል ነው። እሱ ሲጎዳ ሰው የሚለውን እያወቀ ቃሉ አልወጣ ይለዋል። ዜማ ግን በቀኙም በግራውም ክፍል ስለሚሠራ ባልተዘጋው በኩል ዞሮ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1973 በቦስተን የነበሩ ባለሙያዎች ይህን ወደ ሕክምና ለውጠውታል። አጭር ሐረግ በዜማ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ያስብላሉ፤ በእያንዳንዱ የቃሉ ክፍል (ቀለም) ላይ የታማሚውን ግራ እጅ መታ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ዜማውን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ሰውየውን ወደ ተራ ንግግር ይመልሱታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጭንቅላታቸውን በጥይት የተመቱት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስም ንግግራቸውን ለመመለስ ከረዷቸው መንገዶች አንዱ ሙዚቃ ነበር።

በቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። «ውኃ ስጡኝ» የሚለውን ይውሰዱ፤ «ውኃ» ላይ ከፍ፣ «ስጡኝ» ላይ ዝቅ ያድርጉ። በመጀመሪያ ከአባትዎ ጋር እኩል ያዚሙ። ቀጥሎ እርስዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። በመጨረሻ እሳቸው ብቻቸውን እንዲጨርሱት ይተዉላቸው። ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እንግዳ በተቀመጠበት «እስቲ አሳዩዋቸው» ብለው አያስፈትኗቸው፤ ያሳፍራቸዋል፣ ያፈረ አንደበት ደግሞ ይብስ ይተሳሰራል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማግኘት ከቻሉ የያዙትን ዘዴ ይንገሩት፤ እሱ ያርመዋል፣ ያሳድገዋልም።

እናቴ የመርሳት ሕመም አለባቸው። ምን ላሰማቸው?

«የሚያረጋጋ ሙዚቃ» የሚል ከስልክ ፈልገው አይክፈቱላቸው። የማያውቁት ሙዚቃ ለእሳቸው ተራ ጩኸት ነው። በአልዛይመር ሕመም ብዙ ትዝታ ሲጠፋ የዜማ ትዝታ ዘግይቶ እንደሚነካ የታወቀ ነው። ከሁሉ ጠልቆ የሚቀረው ደግሞ በጉርምስናና በወጣትነት የተሰማው ነው። እናትዎ በሃያ ዓመታቸው የት ነበሩ? ሠርጋቸው ላይ ምን ተዘፈነ? በየትኛው ደብር ያስቀድሱ ነበር? ወይም የማን መንዙማ ይሰሙ ነበር? ይህን ከእኅቶቻቸው ጠይቀው ይጻፉ። ሲያገኙት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ያዚሙላቸው፤ ድምፄ አያምርም አይበሉ።

አባቴ በልጅነቱ ድጓ፣ የያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ መማር ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስሜን ረሳው። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ መስኮቱ እያየ ተቀምጧል። እኔ አጠገቡ ሆኜ ከእሱ የሰማሁትን አንድ መስመር ማዜም ጀመርኩ፤ መሐል ላይ አዛባሁት። አባቴ የወንበሩን ክንድ በጣቱ መታ። ካበላሸሁበት አንድ ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ አነሣውና ድምፁ የሚርገበገብበትን ርክርኩን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አሳየኝ። «እንዲህ ነው» አለኝ። ደገምኩት። አሁንም አልወደደውም፤ እንደገና መታ። ሩብ ሰዓት ያህል እሱ የኔታ፣ እኔ ተማሪ ሆነን ቆየን። ከዚያ ወደ ዝምታው ተመለሰ። ስሜን ግን ያን ቀንም አልጠራውም።

ለፓርኪንሰን ሕመምተኛስ?

እርምጃ ላይ ይረዳል። እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል አልነሣ የሚላቸው ሰዎች፣ እኩል የሆነ ምት ሲሰሙ እግራቸው ምቱን ተከትሎ ይነሣል። ጭብጨባ ይበቃል፤ ከበሮም ይሆናል። ምቱ እንዳይፈጥን ይጠንቀቁ፤ እንዳይወድቁም አጠገባቸው ይሁኑ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካላቸው ምን ያህል ፍጥነት እንደሚስማማቸው እሱ ይወስን።

በገና ለምን እንዲህ ያረጋጋል?

ስለ በገና ስጠየቅ ቶሎ አላቆምም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በገና አሥር ክር አለው፤ ክሩ በጥንቱ አሠራር ከበግ አንጀት የተፈተለ ነው። ክሩ በርኩማው (ክሩን ከፍ አድርጎ በሚይዘው ድጋፍ) ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ያለ እንዝራ ክሩ «ድም» ብሎ ይሞታል። እንዝራዋን በፀጉር ስፋት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲያንቀሳቅሷት፣ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ድንገት እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። አዲስ ተማሪ ያችን ቦታ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ትከሻው ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይረዝማል፣ ስልኩን ይረሳል። መደርደሩ ሳይጀመር መረጋጋቱ የተጀመረ ይመስለኛል።

ከዚያ ድምፁ አለ። ወፍራምና ዝግተኛ ነው፤ ገበቴው ከሰውነት ጋር ስለሚነካካ ደርዳሪው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በደረቱም ይሰማዋል። የሚባለው ቃልም ስለ ሞት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለዚህ ዓለም አላፊነት ነው፤ በዐቢይ ጾም በየቤቱ የሚደመጠውም ለዚህ ነው። ሐዘን ለያዘው ሰው የደስታ ሙዚቃ መክፈት ሐዘኑን አልሰማሁህም እንደማለት ነው። በገና ግን አጠገቡ ይቀመጣል።

በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ጠፍቶ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ትምህርቱ ተቋርጦ ነበር። ያኔ እዚያ ያስተምሩ የነበሩት መጋቤ ስብሐት አለሙ አጋ ጥበቡን የተማሩት ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። እኛ ዛሬ በገና የምንይዝ ሰዎች ባለውለታዎቻችን በዚያ ዝምታ ውስጥ ጣታቸውን ያላፈዘዙት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ሙሾ ማውረድ ሐዘን አያብስም?

ብዙ የተማሩ ሰዎች እንዲህ ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም። አልቃሿ የሟቹን ስም፣ ሥራ፣ የልጆቹን ነገር በግጥም እየደረደረች ስታወርድ፣ ጎሮሮው የታነቀው ሐዘንተኛ የሚያለቅስበት ቃል ያገኛል። ዜማው መጀመሪያ አለው፣ መድረሻ አለው፤ ለቅሶው ይነሣል፣ ይበርዳል፣ ሰው ውኃ ይጠጣል፣ እንደገና ይነሣል። ብቻውን በጨለማ ክፍል የሚያለቅስ ሰው ይህ መውጫና መውረጃ የለውም። ገላን መቧጨርና ደረትን እስኪያብጥ መድቃት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ቢቀር ደስ ይለኛል። የወፍጮ እንጉርጉሮም የሙሾ ዘመድ ነው፤ እናቶቻችን በድንጋዩ ምት እያንጎራጎሩ ለባልም ለአማትም የማይነገረውን ለመጁ ነግረውታል።

ለሕፃን ሞዛርት ማሰማት ብልህ ያደርጋል?

አያደርግም። ወሬው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1993 ከታተመ አንድ አጭር ጥናት ነው። የተፈተኑት ሕፃናት ሳይሆኑ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ የተገኘው መሻሻል በአንድ ዓይነት የቅርጽ ፈተና ላይ ብቻ ነበር፣ የቆየውም ለሩብ ሰዓት ያህል ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ ለየአራሱ ሕፃን የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ ይታደል ብለው በጀት ጠይቀዋል። ገንዘብዎን ይቆጥቡ። ለሕፃኑ እሹሩሩ ይበሉለት። የእርስዎን ፊት እያየ፣ ትንፋሽዎ እየነካው፣ ቃሉ በየጊዜው በአንድ ቦታ እየተመለሰ ሲመጣ የሚማረው ነገር ከየትኛውም ሲዲ አይገኝም።

ታዲያ ሙዚቃ ለትምህርት የሚረዳው እንዴት ነው?

ዜማ ቃልን ይሸከማል። የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶቻችን በዚህ ዕውቀት ላይ ነው የቆሙት። ሕፃኑ ፊደሉን በዜማ ይቆጥራል፤ ንባብ ሲጀምር ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ እያለ የድምፁን አካሄድ ይለያል፤ ዳዊቱን ይደግማል። ወደ ዜማ ቤት የገባው ደግሞ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት በሦስቱ የያሬድ ዜማዎች ዓመታት ይፈጃል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጇቸው ምልክቶች በቃሉ ራስ ላይ ይጻፋሉ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ድርስ፣ አንብር። ምልክቱን ማየት ብቻውን አያዘምርም። ከመምህሩ አፍ ሰምቶ የያዘ ሰው ሲያየው ያስታውሰዋል። ስለዚህም ነው ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ እስከ ጋይንት ቤተልሔም ድረስ በእግሩ ይሄድ የነበረው።

በወሎም እንዲሁ ነው። የጀማ ንጉሥና የዳና ሼሆች በአማርኛ መንዙማ ደርሰው፣ ዐረብኛ የማያነብ ገበሬ ሃይማኖቱን በዜማ እንዲይዘው አድርገዋል። ከሐድራው፣ መንዙማው ከሚባልበት ጉባኤ፣ ወጥቶ በሬውን ሲጠምድ ትምህርቱ አፉ ላይ ነው።

ለወላጆች የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ልጅዎ መሣሪያ ሲማር ሒሳብ በራሱ ጊዜ ይሻሻላል ብዬ ቃል አልገባም። ያየሁት ሌላ ነው። አንድን ነገር አርባ ጊዜ ተሳስቶ በአርባ አንደኛው ሲያገኘው፣ መሳሳት የመማር መንገድ መሆኑን ጣቱ ያውቀዋል። ያሬድም ትምህርት አልገባው ብሎ ከጉባኤው ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ነው፣ እየወደቀ እየተነሣ ግንዱን የወጣውን ትል ያየው።

የምንኖረው በውጭ ሀገር ነው። ልጆቻችን አማርኛ እንዲይዙ ዘፈን ይረዳል?

በጣም። ከዋሽንግተንም ከፍራንክፈርትም ከዱባይም ይህ ጥያቄ ይመጣል። ፊደላችን ጥብቀትና ላልነትን አይጽፍም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ዋና» በውኃ ውስጥ ነው ወይስ ዋነኛ? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ አለ፣ ይኖራል? ልጁ ይህን ከመጽሐፍ አያገኘውም። በዘፈን ውስጥ ግን የጠበቀው ፊደል ምቱ ላይ ይረግጣል፤ አላልቶ ቢለው ምቱ ይሰበርበታል፣ ራሱን ያርማል። ቴሌቪዥን ከፍተው አይተዉት፤ መኪና ውስጥ አብራችሁ ዘምሩ፣ እየተቀባበላችሁ።

ወደ እስራኤል የሄዱት የቤተ እስራኤል ቄሶች የግዕዝ ጸሎታቸውን ይዘውት የወጡት በአብዛኛው በቃላቸው ነው። ያን ያህል ቃል ያን ያህል መንገድ ያሻገረው ዜማው ነው።

ሙዚቃ ለሀገር ምን ፈየደ?

ጠላት የመሰከረውን ላስቀድም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ያሳደደው ጠመንጃ ያነገተውን ብቻ አልነበረም። ጠንቋዮች፣ ተራኪዎችና አዝማሪዎች የጣሊያን አገዛዝ ሊያበቃ ነው የሚል ወሬ ይነዛሉ ብሎ ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ። መድፍና አውሮፕላን የያዘ ሠራዊት አንዲት ክር ያላትን ማሲንቆ ፈራ። የፈራበት ምክንያት ነበረው፤ አዝማሪ በሰምና ወርቅ የተናገረው ከገበያ ወደ ገበያ ሲዘዋወር ሳንሱር አይደርስበትም።

ሌላው የብሔራዊ መዝሙራችን ታሪክ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በዘር ጭፍጨፋ ወላጆቻቸውን ያጡ አርመናውያን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። አብሯቸው የመጣው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ሀገሩን ያጣ ሰው ለእኛ ሀገር የሚቆምበትን ዜማ ሰጠ። ዛሬ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤት ሰልፍ የሚዘመረው፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው፣ ደግሞ ዜማው የሰለሞን ሉሉ፣ ግጥሙ የደረጀ መላኩ ነው።

የሀገር ሙዚቃ የመንግሥት ኦርኬስትራ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ አፍራን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ወጣቶች በአፋን ኦሮሞ መዝፈን ሲጀምሩ፣ ቋንቋው በሬዲዮም በመድረክም ቦታ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ከመካከላቸው የወጣው አሊ ቢራ «ቢራ» የሚለውን ስም ያገኘው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ቃሉን የማይሰማ አድማጭ እንኳ አብሮት ሲወዛወዝ የኖረ ድምፃዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያርፍ ያዘነው አንድ ብሔር ብቻ አልነበረም።

ሙዚቃ ሊጎዳስ ይችላል?

ይችላል። ሽለላና ፉከራ ለአድዋ ዘማች ልብ እንደሞላ ሁሉ፣ ለደም መመላለስም ልብ ይሞላል። ዜማው ምርጫ የለውም፤ ምርጫው የአቀንቃኙ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን ቀረርቶ ሳስተምር ግጥሙን አብረን እንመረምራለን፤ ጎረቤትን የሚያንቋሽሽ ከሆነ ዜማውን ይዘን ግጥሙን እንተወዋለን።

ጆሮንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለሕፃናት 75 ዴሲቤል ነው። የሠርግ ድንኳን ድምፅ ማጉያ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ሕፃን ይዘው ከድምፅ ማጉያው ፊት አይቀመጡ።

ለልጄ የትኛውን መሣሪያ ልምረጥ?

ልጁ ይምረጥ። ዋሽንት አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ነው፤ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ድምፁ ለመውጣት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ስላለው ቀላል ይመስላል፤ ለጀማሪ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ብዙዎቹን ልጆች በክራር አስጀምራለሁ። አምስት ወይም ስድስት ክር ነው፣ ገና ሲነኩት ድምፅ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ወር ትዝታ ቅኝትን እንይዛለን። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ የጣት ጫፍ ይቆስላል። ያን ጊዜ ልጁ «ልተው» ይላል፤ አይቆጡት፣ ሁለት ቀን ያሳርፉት። ቆዳው ሲጠነክር ራሱ ከግድግዳው ላይ ያወርደዋል። ምሽት ላይ የተማረውን እንዲያሰማችሁ ስትጠይቁት ቴሌቪዥኑን አጥፉለት።